የደም ለጋሾቹ ነጻ አድራሻ

በሆስፒታሉ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት አለቃዋና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። ሌላው ሰው ሁሉ «ጠብታ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ሥራ በጀመረች ሰሞን ነው። ጣቱን ሊወጋ የተቀመጠ በሽተኛ ፊቱን ሲያዞር «አንዲት ጠብታ ብቻ፣ ሌላ አልነካም» ትለው ነበር። ቁመቷም አጭር፣ ድምጿም ቀጭን ስለሆነ ስሙ ልክክ አለባት።

ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራችው በአንድ ክፍል ነው፤ ምድር ቤት ባለው ደም ባንክ። ክፍሉ አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው፤ በእሷ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ሁለት ትልልቅ ማቀዝቀዣዎች ቀኑን ሙሉ ያጉረመርማሉ። ጠብታ የማቀዝቀዣውን በር ከፈት አድርጋ አንዴ ብቻ አየት ስታደርግ የትኛው የደም ዓይነት እንዳለቀ፣ የትኛው ሊያልቅ እንደተቃረበ ታውቃለች። ብዙ ጊዜ ባዶ የሚሆነው የታችኛው መደርደሪያ ነው፤ የኦ ኔጌቲቭ መደርደሪያ። ይህን ደም ይዞ የሚወለደው ሰው ጥቂት ነው። ይህ ደም ያለው ሰው ደግሞ ሲታመም ከራሱ ቢጤ በስተቀር የማንንም ደም መቀበል አይችልም።

ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት መኪና የተገለበጠበት የጭነት መኪና ሹፌር አመጡ። ደሙ ኦ ኔጌቲቭ ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው አንድ ከረጢት አልቆ ቤተ ዘመዱ ሁሉ እጁን ቢዘረጋ አንድም የሚገጥም ጠፋ። ጠብታ ድንገት ትዝ ያላት ከአንድ ወር በፊት ለሌላ ምርመራ መጥቶ የነበረ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ስልኩን አልያዘችም፤ የሚሠራበትን ትምህርት ቤት ግን ታስታውሳለች። ሰው ላከች። ዘበኛው ከነደንብ ልብሱ፣ እጅጌውን እየሰበሰበ እያለከለከ ደረሰ። ሹፌሩ ግን አልቆየለትም።

በማግስቱ ጠብታ ደብተር ገዛች። ደሙን የመረመረችለትን ጤነኛ ሰው ሁሉ ችግር ቢመጣ ልትጠራው ፈቃደኛ መሆኑን ትጠይቀዋለች፤ እሺ ያለውን ስሙን፣ ስልኩን፣ የደሙን ዓይነትና ሰፈሩን ትጽፋለች። በዓመታት ውስጥ ደብተሩ ሦስት ሆነ። ሰዎቹን እንደ ዘመድ ታውቃቸዋለች። ከመካከላቸው አንድ ወፍራም የታክሲ ሹፌር ነበር፤ ደም በሰጠ ቁጥር የሚቀርብለትን ውሃ እያየ «ደሜን ወስደሽ በውሃ ልትሸኚኝ ነው?» ይላታል፤ እሷም ለስላሳ እስኪመጣለት ድረስ ታስቀው ነበር። ቀጭኑ የሒሳብ አስተማሪ ደግሞ መርፌ ሲያይ ስለሚያዞረው ዓይኑን ጨፍኖ የማባዣ ሠንጠረዥ በቃሉ ይወጣል። ፈርቶ የቀረበት ቀን ግን የለም።

ድረ ገጽ ይሠራ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ታናሽ ወንድሟ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ካለ ፎቅ ሥር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይሠራል። እህቱ ደብተር በጉያዋ ይዛ ስትሮጥ፣ ሰዎች በሰው በሰው ስልኳን አፈላልገው ሲደውሉላት ስንት ዓመት አይቷል። ያሰበው ነገር ቀላል ነበር። የለጋሾቹ ስምና ስልክ ለማንም አይታይም። ደም የሚፈልግ ሰው ገጹን ይከፍታል፤ የደሙን ዓይነት፣ ሆስፒታሉንና የራሱን ስልክ ይሞላል፤ መልእክቱ በቀጥታ የጠብታ ስልክ ላይ ይገባል። የቀረው የእሷ ሥራ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ጠራት። ሆዳቸው በተከፈተ ኮምፒውተሮች መካከል አንድ ወንበር አጸዳላትና የሠራውን አሳያት። ወደደችው።

«እንግዲህ እታለም፣ አሁን የቀረን የሚቀመጥበት ቦታ ነው» አላት።

ነገሩን ቀስ ብሎ አስረዳት። ገጹ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ የሰው ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አለበት፤ ያንን ቦታ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ። በኪራይ የሚሰጡት በየዓመቱ ያስከፍላሉ፤ አድራሻው ግን የራስሽ ነው፣ ማንም አይነካውም። በነጻ የሚሰጡት ምንም አያስከፍሉም። አድራሻው ጭራ ላይ የእነሱን ስም ይጨምራሉ፤ ቦታው ጠባብ ነው፤ ሰው ከበዛም ለጊዜው ይዘጉታል።

«ማስታወቂያም ይለጥፉበታል» ብሎ ጨመረ። «የሚኖሩት በዚያ ነው።»

«የምን ማስታወቂያ?»

«የፈለጉትን። አንቺም እኔም አንመርጥላቸውም።»

«ሳሙና ቢሉ፣ ጫማ ቢሉ እኔን ምን ይጎዳኛል?» አለች።

ጠብታ ገንዘብ የምትሰስት ሴት አልነበረችም። የፈራችው ሌላ ነው። በየዓመቱ የሚከፈል ኪራይ ካለ በየዓመቱ የሚከፍል ሰው ሊኖር ነው። እሷ ብትታመምስ? ከለጋሾቹ ይዋጣ ቢባል ደሙን የሚሰጠው ሰው ደግሞ ገንዘብ ሊጠየቅ ነው። ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ፣ የጨነቀው ቤተሰብ እየጠበቁ ደም የሚያሻሽጡ ደላሎች እንደሚቆሙ ታውቃለች፤ ሁለቴ ሦስቴ ዘበኛ ጠርታ አስባርራቸዋለች። በእሷ መዝገብና በእነዚያ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ብቻ እንደሆነ ነበር የምታስበው፦ በእሷ በኩል ሳንቲም አያልፍም። የመድኃኒት ቤት ባለቤት የሆነ አንድ ሰው ወሬውን ሰምቶ የድርጅቴ ስም ከላይ ይውጣልኝ እንጂ ኪራዩን እኔ እችላለሁ ብሎ ነበር፤ በትሕትና መለሰችው። በነጻ የሚሰጥ ደም በነጻ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ያምርበታል አለች። ወንድሟ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና በነጻው ላይ አስቀመጠላት።

አራት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። ጠብታ አድራሻውን በትልልቅ ፊደል በወረቀት አሳትማ በአሥራ አንድ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ግድግዳ ላይ ለጠፈች። አንድ የሬዲዮ የጤና ፕሮግራምም አነበበላት። መልእክት ሲገባ ስልኳ ለየት ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ያንን ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን ሁሉ ታስቀምጣለች። ከዳኑት ብዙዎቹን አይታቸው አታውቅም። አንዳንዱ ግን ፈልጎ ይመጣል፤ አንዱ ፍራፍሬ ይዞ፣ ሌላው እጁን ብቻ ይዞ፣ ምድር ቤቱን ጠይቆ ይወርድና ከመስኮቱ ፊት ቆሞ ያመሰግናታል።

ስለዚህ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ «የደሙ ገጽ ባለቤት አንቺ ነሽ?» ሲላት ፈገግ ብላ ነበር የመለሰችው።

ሰውየው ረጅም፣ ጺሙ ያደገ፣ ጣቶቹ በሙጫ የተላጡ አናጺ ነበር። ምን ልታዘዝ ብትለው ፊቷን አተኩሮ አያት።

«ገንዘቤን እንድትመልሺልኝ አይደለም የመጣሁት» አለ። «ፊትሽን ማየት ነበር የፈለግሁት።»

ጠብታ የተሳሳተ ሰው ጋ የመጣ መስሏት ውስጥ አስገባችውና ወንበር ሰጠችው። አልተቀመጠም። ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት ሚስቱ ሌላ ሆስፒታል ውስጥ የመጀመሪያ ልጃቸውን ወለደች። ልጅቷ ደህና ነች። የእናትየው ደም ግን አልቆም አለ። ሐኪሙ ወጥቶ ደሟ ኦ ኔጌቲቭ መሆኑን፣ እነሱ ጋ የቀረው አንድ ከረጢት ብቻ መሆኑን ነገረውና በቶሎ ለጋሽ ፈልግ አለው። አንዲት አዋላጅ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በጣቷ አሳየችው። አድራሻውን ስልኩ ላይ ጻፈ። ገጹ ተከፈተ። ከላይ በቀይ የደም ጠብታ ሥዕል አጠገብ «ደም በአስቸኳይ ይፈልጋሉ? እዚህ ይጫኑ» ይላል። ተጫነው፤ ወደ አንድ ስልክ ቁጥር ደወለለት።

ያነጋገረው ሰው ድምፁ የለሰለሰ ነበር። የደሟን ዓይነት ጠየቀው፣ ሆስፒታሉን ጠየቀው፣ አይዞህ አለው። ለጋሹ መኪና ውስጥ ገብቷል፤ ለትራንስፖርትና ለምርመራ የሚሆን ገንዘብ ብቻ በስልክ ላክልን አለው። ላከ። ከዚያ ከሆስፒታሉ በር ቆሞ የሚቆም መኪና ሁሉ ውስጥ እያጮለቀ ጠበቀ። ሲደውል «ደርሰናል» ይሉታል። ደግሞ ሲደውል «መንገድ ተዘግቶብን ነው፣ አምስት ደቂቃ» ይሉታል። የሚስቱ ወንድም ለጋሽ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች መንገድ ጀምሮ ነበር፤ አናጺው ራሱ ደውሎ «ተገኝቷል፣ ተመለስ» አለው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አለፈ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም አለ።

ደሙ በመጨረሻ ሐኪሞቹ ከሌላ ቦታ አስልከው መጣ። እስከዚያ ግን ሚስቱን ለማትረፍ ማህፀኗን ማውጣት ነበረባቸው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው።

ጠብታ ስትሰማ ቆይታ የመጀመሪያው ቃሏ ራሷን መከላከል ሆነ። ከማንም ገንዘብ ተቀብላ እንደማታውቅ፣ ገጿ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ነገረችው። ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ከፍታ ገጹን አሳየችው። ነጭ ነው፤ ርዕሱ አለ፣ የሚሞላው ቅጽ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።

«ይኸው፣ እይ። የለም።»

«እኔ በአንቺ ኮምፒውተር አልከፈትኩትም» አለና የራሱን ስልክ አውጥቶ ሰጣት።

እዚያ ላይ ነበር። ቀዩ ማስታወቂያ የስክሪኑን እኩሌታ ይዟል። ልክ ከሥሩ፣ እሷ ራሷ ቃል በቃል መርጣ ያስጻፈችው አለ፦ «የደም ለጋሾች መዝገብ። የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ አትዘግዩ።» ቅጹን ለማየት በጣት ወደ ታች መግፋት ያስፈልጋል። ለቸኮለ ሰው ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው። ጠብታ ስልኩን እንደያዘች ቁጭ አለች። አናጺው ስልኩን ከእጇ ላይ ወስዶ ደረጃውን ወጣ፤ በጠባቧ መስኮት በኩል ጫማው ሲያልፍ አየችው።

ያን ማታ የዓርቡን ውሎዋን ደጋግማ ፈተሸች። ዓርብ ጠዋት ሥራ ላይ ነበረች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጇ አንድ ክንድ ርቆ ነበር። መዝገቧ ውስጥ ሰባት ኦ ኔጌቲቭ ለጋሾች አሉ። ከሰባቱ አንዱ መርፌ የሚያዞረው የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ደግሞ ከዚያ ሆስፒታል ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው። ቢደወልለት በእግሩ ይደርስ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ወንድሟ ሱቁን ሲከፍት ጠብቃ ሄደች። እንደነገረችው ፊቱ ተለወጠ። በሱቁ ስልክ፣ በራሱ ስልክ፣ ሊጠገን በመጣ ኮምፒውተር ገጹን ከፈተ። ማስታወቂያው አንዴ ይመጣል፣ አንዴ በሌላ ይተካል። ለምን እሷ ጋ እንደማይታይ ግን ሳይጠየቅ ገባው።

«ያንቺ ማሽን ስለሚጎተት ማስታወቂያ የሚከልል ነገር ጭኜበት ነበር።»

«መቼ?»

«ገጹን በሠራን ሰሞን።»

«አልነገርከኝም።»

«ነግሬሽ ነበር፣ እታለም። ማሽኑ ፈጠነልኝ ብለሽ አመስግነሽኛል።»

ጠብታ አላስታወሰችም። ምስጋናውን እንኳ አላስታወሰችም። ስልኳ ደግሞ መልእክቱን የምትቀበልበት እንጂ ገጹን ከፍታ የምታይበት አልነበረም፤ የራሷን ገጽ በችግረኛ ሰው ዓይን አንድ ቀን እንኳ አላየችውም።

«ማስታወቂያ እንደሚለጥፉ ግን ነግረኸኛል» አለች ቀስ ብላ።

ወንድሟ ጥፋቱን ሊካፈላት ብዙ ሞከረ፤ መቆጣጠር የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ሙያው የእኔ ነው አለ። እሷ ግን ወንበሩ ላይ ሆና የምትሰማው የገዛ ራሷን ድምፅ ነበር፤ ሳሙና ቢሉ፣ ጫማ ቢሉ ያለችውን።

ለነጻው ድርጅት ጻፉለት። የመጣው መልስ ከማሽን እንጂ ከሰው አልነበረም። ማስታወቂያዎቹን ማንም ሰው እየመረጠ አይለጥፍም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ገጹ ላይ ያሉትን ቃላት አይቶ የሚመስላቸውን ያመጣል። የጠብታ ገጽ ላይ ከሁሉም የበዛው ቃል «ደም» ነው። ስለዚህ በዚያ ቃል ላይ ማስታወቂያ ያወጣ ሁሉ በቀጥታ ወደ እሷ ይመጣል። አጭበርባሪው ገጿን ፈልጎ ማግኘት እንኳ አላስፈለገውም። ፖሊስ ጣቢያም ሄዱ፤ መርማሪው ቃላቸውን ጽፎ የስልክ ቁጥሩን ያዘ፤ ቁጥሩ በሌላ ሰው መታወቂያ የወጣ ሆኖ ተገኘና ነገሩ እዚያው ቆመ።

ወሬው ወደ አለቃዋም ደረሰ። ሐኪሙ አለቃዋ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በር ዘግቶ፣ አስቀምጦ ነው ያነጋገራት። ስንት ዓመት የለፋችበት መሆኑን እንደሚያውቅ፣ ይሁን እንጂ ወረቀቱ የተለጠፈው በሆስፒታል ግድግዳ ስለሆነ ሰው የሚይዘው ሆስፒታሉን መሆኑን ነገራት። ዝጊው አላት። ጠብታ አልተከራከረችም። በዚያው ቀን አዘጋችው። እውነቱን ለመናገር ከአለቃዋ ትእዛዝ በፊትም ልቧ ዘግቶት ነበር።

ሦስት ቀን እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ገብታ ወጣች። ደብተሮቹን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባቸው። በአራተኛው ቀን ከሩቅ ክሊኒክ አንዲት አዋላጅ ደወለች። ስልኳን ከየት እንዳገኘች እንኳ አልተናገረችም፤ ገጹ አልከፈት ስላለኝ ነው፣ እባክሽ እህቴ፣ ኦ ኔጌቲቭ አላት። ጠብታ እጇ መሳቢያው ላይ መሆኑን ያወቀችው ቁልፉን ካዞረችው በኋላ ነው። ወፍራሙን የታክሲ ሹፌር ላከችው፤ ደረሰ፤ ሴትዮዋም ተረፈች። ያች አዋላጅ በሰው በሰው አፈላልጋ አገኘቻት፤ ያላገኟት ስንቶች እንደሆኑ ማን ያውቃል?

ማታ ከሥራ ስትወጣ ወንድሟ ጋ ሄዳ በኪራይ ይሁን አለችው።

ወንድሟ በደስታ ብቻ አልተቀበለውም፤ ሁሉንም ነገር እንድታውቅ ፈለገ። የሚከፈልበትም ዋስትና የለውም አላት። ማስታወቂያ አይኖርበትም፣ አድራሻው የራስሽ ይሆናል፣ ሲበላሽ የሚደወልለት ሰው አለ። ግን አንድ ዓመት ኪራዩን ብንረሳው ይዘጋል፤ አድራሻውንም ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ያኔ የፈራሽው ነገር ውሸት አልነበረም አላት። ጠብታ ይህን ስትሰማ ጥቂት አቅማማች። በመጨረሻ ውሉ በሁለት ሰው ስም እንዲሆን ተስማሙ፤ ማስጠንቀቂያው ለሁለቱም እንዲደርስ፣ አንዱ ቢታመም ሌላው እንዲከፍል። ገንዘቡን ከደመወዟ ታወጣለች፤ ለማንም አልተናገረችም። አለቃዋ የሆስፒታሉ ስም እንዳይነሳበት አድርጎ ፈቀደላት። በአዲሱ ገጽ አናት ላይ ወንድሟ በትልቁ ጻፈላት፦ «ማንም ሰው ገንዘብ ቢጠይቅዎ የእኛ ሰው አይደለም።»

አስቸጋሪው አሮጌው አድራሻ ሆነ። አድራሻው የነጻው ድርጅት ንብረት ነው፤ የሚመጣውን ሰው ወደ አዲሱ አሳልፉልን ቢሏቸው በነጻ ለሚኖር ሰው ይህን አንሠራም አሉ። ገጹ ቢጠፋም አድራሻውን የጻፈ ሰው «ገጹ አልተገኘም» ከሚል ጽሑፍ ጋር ማስታወቂያ ያገኛል። የአዲሱን አድራሻ ጽፈው ቢተዉትም ማስታወቂያው ከላይ ይቀመጣል። ሁለቱን መዝነው የአዲሱ አድራሻና የጠብታ ስልክ ያለበት አንድ መስመር ተዉበት። ከዚያ በላይ የሚደረግ ነገር አልነበረም። የሚቀረው ሰው አሮጌውን አድራሻ እንዳያገኘው ማድረግ ነው።

ጠብታ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ አንድ ትንሽ ቢላና አዲሶቹን ወረቀቶች በቦርሳ ይዛ በአሥራ አንዱም ቦታ ዞረች። ወረቀቶቹን ያኔ በደንብ አድርጋ ነበር የለጠፈቻቸው፤ አንዳንዶቹ ከነግድግዳው ቀለም ነው የተላጡት። በአንድ ክሊኒክ አንድ ዘበኛ እጇን ያዛት።

«ምን ሆነሽ ነው የምትቀድጂው? ይኼ እኮ ስንት ሰው ያተረፈ ወረቀት ነው።»

አስረዳችው። ዘበኛው ሰምቶ ሲያበቃ ቢላውን ተቀብሎ ራሱ ፋቀላት። ችግሩ ወረቀቱ ያለው እሷ በለጠፈችበት ቦታ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሰዎች ፎቶ አንስተውታል፣ አባዝተውታል፤ መድኃኒት ቤት በር ላይ፣ አንዲት ፀጉር ቤት መስታወት ጠርዝ ላይ ሳይቀር አየችው። ደግ ሰዎች ደግ ሥራ ብለው የለጠፉት ነው። ያየችውን ቀደደች፤ ያላየችውን ምን ታደርገዋለች?

የአናጺው ሚስት ወደ ወለደችበት ሆስፒታል ስትደርስ ወረቀቱ ቀድሞ ተነሥቶ አገኘችው። ያነሣችው ያን ዕለት በጣቷ ያሳየችው አዋላጅ ናት። ሁለቱ ሴቶች ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። አዋላጇ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰው አንድ ነገር ማሳየት እንደምትፈራ ብቻ ነገረቻት። የአናጺውንም ሰፈር የጠቆመቻት እሷ ናት።

ጠብታ ሦስት ቀን ካመነታች በኋላ ሄደች። ቤቱ ከአናጺው መሥሪያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ግቢው ውስጥ የተላገ ጣውላ ተደርድሯል። አናጺው ሲያያት መጋዙን አስቀመጠ። ሂጂም ግቢም አላላትም። ድምፅ የሰማችው ሚስቱ ከውስጥ ማን ነው አለች፤ ጠብታ ራሷ ማንነቷን ተናገረች። ከውስጥ ግቢ ተባለች።

ሴትዮዋ ትራስ ተደግፋ ሕፃኗን ታጠባ ነበር። ከአናጺው አፍ ሃያ ሦስት ዓመት የሚለውን ስትሰማ ጠብታ ያሰበቻት ትልቅ ሴት ነበረች፤ አልጋው ላይ ያየቻት ገና የልጅነት ፊቷ ያልሄደ ነው። ጠብታ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻት፤ ነጻውን ለምን እንደመረጠች፣ ማስታወቂያውን ለምን እንዳላየችው፣ አሁን ምን እንዳደረገች። ይቅርታም ጠየቀች። ሴትዮዋ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«የዚያን ቀን መልእክቱ አንቺ ጋ ቢደርስ ኖሮ ሰው ነበረሽ?»

ጠብታ ይህ ጥያቄ ሊመጣ እንደሚችል መንገድ ላይ አስባ ነበር። መልሱን ግን አላዘጋጀችም። በሥራዋ ለሰው የተሳሳተ ውጤት ጽፋ ሰጥታ አታውቅም።

«ነበረኝ» አለች። «ከሆስፒታሉ ሁለት መንገድ አልፎ የሚሠራ አስተማሪ።»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። የሕፃኗን ራስ በመዳፏ ደባበሰች።

«ባትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር» አለች።

ጠብታ ተነሣች። አናጺው እስከ በሩ ሸኛት፤ ሸኛት ከተባለ። በሩን ሲዘጋ ቀስ ብሎ ነበር፣ ሕፃኗ እንዳትነቃ። ጠብታ ያንን መንገድ እስከ አውቶቡሱ ድረስ እንዴት እንደሄደችው አታውቅም። እውነቱን መናገሯ ለዚያች ሴት ይሁን ለራሷ ማቅለያ ዛሬም ለይታ መናገር አትችልም። ወንድሟ መዋሸት ነበረብሽ አላት። አንድ ቀን ደግሞ መጥቶ፣ አይ፣ ደግ አደረግሽ አላት።

አዲሱ ገጽ ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመጣው መልእክት ከቀድሞው እኩሌታ እንኳ አልሞላም፤ ሰው አድራሻውን እስኪለምደው ጊዜ ወሰደ። ስልኳ ዝም ያለ ቀን ድሮ ጥሩ ቀን ነበር፤ ማንም አልተቸገረም ማለት ነበር። አሁን ዝምታው ያስጨንቃታል። የተቸገረ ሰው ጠፍቶ ነው ወይስ ሰዉ የሄደው ወደ አሮጌው ነው? የሬዲዮ ፕሮግራሙ ማረሚያውን አንድ ጊዜ አነበበላት፤ ሁለተኛ ጊዜ ጠይቃ ቦታ የለንም ተባለች። የኪራዩ ማስጠንቀቂያ ገና ሁለት ወር ሲቀረው ይደርሳታል፤ በደረሰ ቀን ትከፍላለች፤ ከፍላም ወንድሟን መከፈሉን አረጋግጥልኝ ትለዋለች። እሱም አሁን አይቀልድባትም።

ባልደረቦቿ የለመዱት አንድ አዲስ ጠባይ አወጣች። በሳምንት አንዴ ሁለቴ፣ በሻይ ሰዓት፣ ከአንዱ ነርስ ወይም ከአንዱ ጽዳት ሠራተኛ ስልክ ትለምናለች። የሰው ስልክ መሆን አለበት፤ የራሷን አታምነውም። አሮጌውን አድራሻ አንድ በአንድ ትጽፍና እስኪከፈት ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን የሚመጣው የአልጋ ልብስ ነው፣ አንዳንድ ቀን የቋንቋ ትምህርት ቤት። ሁለት ጊዜ ቀዩ ማስታወቂያ መጥቶባት ቁጥሩን ገልብጣ ለመርማሪው ወስዳለታለች። ባለፈው ሐሙስ የአንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛን ስልክ ተዋሰች። የወንድ ጫማ ነበር የመጣው፤ ሁለት ጥንድ ለገዛ ቅናሽ አለው ይላል። ጠብታ ገጹን እስከ ታች፣ የአዲሱ አድራሻ መስመር እስካለበት ገፍታ አየችው፣ ስልኩን አመስግና መለሰችና ደረጃውን ወረደች።